ኤጀንቱ ቃሌን ያመነ ዕለት

በእንግሊዝኛ አንበሳ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን ነገሩ እንዲገባችሁ ነው። የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ስጽፍ «መራሁ፣ አቋቋምኩ፣ ለውጤት አበቃሁ» እላለሁ፤ ፊቴም አይቀላም። ከአምስት ሰው ጋር ተጋግዤ የሠራሁትን ሥራ «እኔ ሠራሁት» ማለት ምንም አይመስለኝም። እንግሊዝኛ የተዋስኩት ልብስ ስለሆነ ቢቆሽሽም አያሳስበኝም። አማርኛ ላይ ስደርስ ግን እናቴ ከበስተኋላዬ ቆማ የምትሰማኝ ይመስለኛል። በአማርኛ «እኔ ጎበዝ ነኝ» ብዬ አላውቅም። ስታመም እንኳ «ትንሽ አሞኛል» እንጂ «በጣም አሞኛል» ማለት ይከብደኛል፤ በጣም መታመምም ራስን ማግዘፍ ይመስለኛል።

ይህ ጠባይ የእኔ ብቻ አይደለም። እዚህ ናይሮቢ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሲደረግ፣ የሚጨበጨብለት «ኧረ እኔ አልችልም፣ ከእኔ የተሻሉ ሞልተዋል፣ ይቅርብኝ» ያለ ሰው ነው። አንድ ጊዜ «እኔ እችላለሁ፣ ምረጡኝ» የሚል ሰው ገጠመንና ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ሰውየው በእርግጥም ይችል ነበር፤ የሒሳብ ባለሙያ ነው። አልመረጥነውም። «ይቅርብኝ» እያለ ያለቀሰውን መረጥን። ለካ እሱም እውነቱን ኖሯል፤ አልቻለም።

የምሠራው ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራዬ ዕቃ መላክ ነው፤ መድኃኒት፣ ድንኳን፣ የውሃ ፓምፕ ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ እንዲገባ አደርጋለሁ። ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ኬንያዊ ባልደረባዬ ደግሞ ወደ ሰሜን ኬንያ የሚሄደውን ይልካል። ለብዙ ዓመታት በአንድ ክፍል ውስጥ አብረን ተቀምጠናል። ጥሩ ሰው ነው፤ ማጋነን ግን ይወዳል። አንድ ኢሜይል ከላከ «ታሪካዊ ኢሜይል ላክሁ» ይላል። ወረቀት የምታኝከውን ማተሚያችንን ሳይቀር «በምሥራቅ አፍሪካ አንደኛ» ይላታል።

ባለፈው ዓመት ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ኤጀንት ተሰጠን። ኤጀንት ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ያለ፣ አንብቦ የሚጽፍ፣ ሰምቶ የሚመልስ፣ ባዘዙት ጉዳይ ራሱ የሚሮጥ ሠራተኛ ነው። ምሳ አይበላም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ መንገድ አይዘጋበትም። ፈረንጇ አለቃችን ደግ ሴት ናት፤ «አዲሶቹ ባልደረቦቻችሁ» ብላ አስተዋወቀችን። ለአቀባበላቸው ኬክ ተቆረጠ። ኬኩን የበላነው ግን አሮጌዎቹ ነን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፤ በየዕለቱ ጉድ እንሰማ ጀመር። የእኔ ኤጀንት ለባልደረባዬ ኤጀንት ይጽፋል፣ የእሱ ለእኔው ይመልሳል። እኛ ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን «ዛሬ ምን ተባባልን?» ብለን ኤጀንቶቻችንን እንጠይቃለን። አንድ ቀን ስብሰባ ብዬ ስገባ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ኤጀንት ሆኖ አገኘሁት። ሰዎቹ በሙሉ ኤጀንታቸውን ልከው ቀርተዋል። ሰው የምባል እኔ ብቻ ነበርኩ። የማላውቀው ሰው ለቅሶ ቤት የገባሁ ያህል ተሳቀቅሁ፤ ሳልሰናበት መውጣቱ ነውር መሰለኝና እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። ቃለ ጉባኤው ሲደርሰኝ «አንዲት ተሳታፊ አስተያየት አልሰጡም» ይላል።

ሐሜት ብቻ እንዳይሆንብኝ፣ ጥቅምም ነበራቸው። ሳምንት የሚፈጀኝን ወረቀት ሻይ ሳልጨርስ ይሠሩልኝ ነበር። ሐሳብ የገባኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። አለቃችን ሁለታችንንም ጠርታ በጀት መቀነሱን ነገረችን። የእኔና የባልደረባዬ ሥራ ሊቀላቀል ነው፤ ሁለቱ ወንበር አንድ ይሆናል። ከሁለታችን አንዳችን እንቆያለን፣ አንዳችን እንሰናበታለን።

እዚህ አገር የምኖረው በሥራ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ የተሰጠኝም በዚህ ሥራ ነው። ሥራው ከሄደ ፈቃዱም ይሄዳል። ልጄ ደግሞ የመጨረሻ ክፍል ናት፤ መልቀቂያ ፈተናዋ ከፊቷ ተደቅኗል። አሁን አቋርጣ አዲስ አበባ ብትገባ በየትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ቋንቋ ትፈተን? በአማርኛ የምታነበው የምግብ ቤት ዝርዝር ያህል ነው፤ እሱንም ሲርባት ነው። የማሳድጋት ብቻዬን ነኝ። ባልደረባዬም ልጆች አሉት፤ በሰው አገር አይደለም እንጂ ጭንቀቱ ከእኔ አያንስም። በጣም ፈራሁ። ሌሊት ሌሊት ሳይሆን ቀን ቀን፣ ሰው መሐል ሆኜ ነበር የምፈራው።

አለቃችን አድልዎ እንዳይኖር መረጃውን ኤጀንት ይሰብስብ አለች። የእኔም የእሱም ያልሆነ፣ ለዚሁ ጉዳይ የተመደበ ሌላ ኤጀንት ነው። እያንዳንዳችንን ስለ ራሳችንና ስለ እርስ በርሳችን ይጠይቃል፤ የሚያውቁንን ሰዎች ያነጋግራል፤ የሰማውን አሳጥሮ ይጽፋል። የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው እሷ ናት።

በቀጠሮዬ ቀን ትንሿ የስብሰባ ክፍል ገብቼ ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። በየትኛው ቋንቋ መነጋገር እንደምፈልግ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። እንደ ቀልድ «በአማርኛ» አልኩ።

«ደስ ይለኛል። እንደምን አደሩ?» አለኝ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አነጋገሩ ጨዋ፣ አንቱታው ያልጎደለ፣ ድምፁ የሬዲዮ ዜና አንባቢ የሚመስል ነው። ጊጊሪ ስሠራ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ቢሮ ውስጥ በአማርኛ «እንደምን አደሩ» ያለኝ የመጀመሪያው ባልደረባ እሱ ነበር። መሣሪያ መሆኑን ረሳሁት፤ የአገሬን ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

«በሥራዎ ያስገኙት ውጤት ምንድን ነው?»

«ኧረ እኔ ምን ሠርቼ! ያው እንደ አቅሜ ነው። እግዚአብሔር ረድቶኝ፣ ሰዎቹም ደግፈውኝ ነው እንጂ።»

«ድጋፉ ባይኖር ሥራውን መሥራት ይችሉ ነበር?»

«ምኑን ችዬ!»

«የተቀላቀለውን አዲስ ሥራ ለመምራት ብቃት አለኝ ብለው ያምናሉ?»

የአገር ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ወጉ ይገባው ነበር። እኔ እምቢ እላለሁ፤ እሱ «ኧረ ለእርስዎማ ሲያንስዎት ነው» ይላል፤ እኔ አንገቴን ሰበር አድርጌ እንደገና እምቢ እላለሁ፤ እሱ ቆጣ ይላል፤ እኔም «እንግዲህ ካላችሁ ምን አደርጋለሁ» ብዬ እቀበላለሁ። እንዲህ ነው የምናውቀው።

«ከእኔ የተሻለ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል» አልኩ።

«አመሰግናለሁ» አለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ደግሞ ስላልጠየቀኝ ትንሽ ቅር አለኝ። ልጅ ነው፣ ወግ ገና አላወቀም ብዬ ተውኩት።

«ቦታው ለሌላ ሰው ቢሰጥ ምን ይሰማዎታል?»

«ምን ይሰማኛል፣ የእግዜር ፈቃድ ነው። እኔ ማንንም ማስቸገር አልፈልግም።»

«ባልደረባዎን እንዴት ይገልጹታል?»

«እሱ ምንም አይልም» አልኩ። ይህ በእኔ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። እናቴ ስለ አባቴ ከተናገረችው ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ቃል ነበር።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከእኔ ቀጥሎ ባልደረባዬ ገባ። በመስታወቱ በኩል ሳየው ብድግ ብሎ ሁለት እጁን እያወናጨፈ ያስረዳል። በሆዴ «ምስኪን፣ ራሱን እያሞገሰ ሊያስጠላቸው ነው» ብዬ አዘንኩለት።

በማግስቱ ማጠቃለያው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛዋ አቅማቸው ውስን መሆኑን በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል። ውጤቶቹን ያስገኙት ሌሎች ሰዎችና አንድ የበላይ አካል መሆናቸውን ተናግረዋል። ቦታውን አይፈልጉም። ቢሰናበቱ ቅሬታ አይኖራቸውም።» ከግርጌው ደግሞ ማስታወሻ አለው፦ «የተጠቀሰው የበላይ አካል በድርጅቱ መዋቅር ውስጥ ሊገኝ አልቻለም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ውሸት የለበትም። ቢዋሽ ኖሮ እከሰው ነበር፤ ያልኩትን ነው የጻፈው። በሕይወቴ ሙሉ ያን ቃል ስናገር አንድም ሰው አምኖኝ አያውቅም፤ ያመነኝ የመጀመሪያው እሱ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ማለት ይሄ ነው አልኩ።

ፊቴን አይቶ ባልደረባዬ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። አሳየሁት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የበላይ አካሉ ላይ ሲደርስ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ሳቁ ቆመና «ለምንድን ነው እንዲህ ያልሽው?» አለኝ።

«ትሕትና ነው።»

«ለማን? ለስክሪን?»

ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ ሁለተኛ ቀጠሮ መጠየቅ እንደሚቻል፣ ሄጄ ማስተካከል እንዳለብኝ ይመክረኝ ጀመር። ለአንድ ወንበር የምንፎካከር ሰዎች መሆናችን ጨርሶ ትዝ ያለው አይመስልም ነበር። እኔን ግን ትዝ ብሎኝ ነበር።

ከሁለተኛው ቀጠሮ በፊት ኤጀንቱ የሚያውቀኝን ሰው ማነጋገር ነበረበት። የኔ ሰው ጋሼ ናቸው። ኪሊማኒ ሰፈር የአበሻ ምግብ ቤት አላቸው፤ ናይሮቢ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ እንደ አባት ሆነውኛል። እዚህ ያለ አበሻ ሁሉ ነገር ሲበላሽበት ሽማግሌ አድርጎ የሚልከው እሳቸውን ነው። ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ የተኮራረፈ ሸሪክ ያገናኛሉ፤ የተቆጣ አከራይ ያበርዳሉ። ጠርቼ «ይደወልልዎታል፣ ስለ እኔ ጥሩ ጥሩውን ይንገሩልኝ» ልላቸው ይገባ ነበር። እንዴት ብዬ ከአፌ ይውጣ? «ሥራ ቦታ ትንሽ ነገር ስላለ ይደውሉልዎታል» ብቻ አልኩ። ጋሼ ፊቴን አይተው «ገባኝ። ለእኔ ተይው» አሉ።

ስልኩ የተደወለው ቅዳሜ በምሳ ሰዓት፣ እኔም እዚያው ምግብ ቤታቸው ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ጋሼ ስልካቸውን ከጥብሱ ሳህን አጠገብ አስቀምጠው ድምፁን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ተነሥተው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና ቆሙ። ለሽምግልና ተቀምጦ መናገር የለማ።

«እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ?» አሉ።

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለ ኤጀንቱ።

«ቤተሰብ ደህና?»

«ቤተሰብ የለኝም።»

«አይዞህ፣ እግዜር ያመጣዋል። ገና ልጅ ነህ።»

ኤጀንቱ አመስግኖ፣ ስለ እኔ የሥራ ጠባይ ቢነግሩት ጠየቃቸው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እኛ የመጣነው ለይቅርታ ነው። አጥፍታለች።»

ከወንበሬ ዘለልኩ። ጋሼ በእጃቸው መልሰው አስቀመጡኝ። ሥራዬን አውቃለሁ ማለታቸው ነው። በእርግጥም ያውቃሉ፤ በአገራችን ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ ጥፋቱን ያምናል። ባያጠፉም «አጥፍተናል» ይባላል፤ የተቆጣው ሰው ልቡ ሲበርድ ቀሪው ይከተላል። እንኳን የማውቃቸው እኔ፣ የምግብ ቤቱ ገበታ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር።

«ሰው ናት፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ጥፋቷን አምናለች። እግራችሁ ላይ ወድቀናል። ለእሷ ባይሆን ለሽበታችን ብላችሁ ማሯት።»

«የጥፋቱን ዓይነት ቢገልጹልኝ?» አለ ኤጀንቱ።

«እሱን አታንሣው ልጄ። ያለፈ አልፏል።»

«ለመመዝገብ ያህል ነው።»

«አይመዝገብ! ይቅር ካላችሁን ነው የምንቀመጠው፤ እስከዚያው ቆመናል።»

«መቀመጥ ይችላሉ» አለ ኤጀንቱ በትሕትና።

ጋሼ ፊታቸው በራ። «እግዜር ይስጥልኝ! ትልቅ ሰው ሁን!» ብለው መረቁትና ተቀመጡ። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረው «ጨዋ ልጅ ነው፤ ልቡ ራርቷል። አለቀልሽ» አሉኝ። አዎ፣ አልቆልኛል። አንጀቴ እያረረ አመሰገንኳቸው፤ ምን ልበላቸው? እንዲህ በወጉ የቆመልኝ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ማጠቃለያ መጣ፦ «አንድ የማኅበረሰቡ ታላቅ ሰው፣ ሠራተኛዋ ዓይነቱ ያልተገለጸ ጥፋት መፈጸማቸውን አረጋግጠዋል። ጉዳዩ እንዳይመዘገብ አጥብቀው ጠይቀዋል።»

ልጄ ሁለቱን ማጠቃለያ ከስልኬ ላይ አንብባ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። «ማሚ፣ አኪ ዩ ካንት ቢ ሲሪየስ» አለችኝ። «አኪ» የናይሮቢ ልጆች መሐላ ናት። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ አስተማሪ ፊቴ ቆመች።

«በይው እስቲ፤ እኔ ጎበዝ ነኝ። ኢትስ ሶ ኢዚ።»

«እኔ… ደህና እሠራለሁ።»

«ኖ! ጎበዝ። ጎ-በዝ።»

በእንግሊዝኛ ባደርገው በአንድ ትንፋሽ እጨርሰው ነበር። ኤጀንቱ ግን ለማነጻጸር እንዲመች ሁለተኛውም ውይይት በመጀመሪያው ቋንቋ መሆን አለበት ብሎ ነበር። ስለዚህ ምሽቱን ስንለማመድ አመሸን። እኔ «ጎበዝ ነኝ» ባልኩ ቁጥር አማትባለሁ፤ ልጄ «ማማተብ የለም፣ ከመጀመሪያው» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ሳላማትብ ስጨርሰው አጨበጨበችልኝ። እኔ ግን ጭብጨባዋን ስሰማ ሆዴ ባባ። ይህች ልጅ የምትስቀው ነገሩ ቀልድ ስለመሰላት ነበር፤ ብባረር የማን ትምህርት እንደሚቋረጥ ገና አልነገርኳትም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ስክሪኑ ፊት ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። «እንደምን አደሩ» ሲለኝ እንኳ ባጭሩ መለስኩለት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ የተለማመድኩትን ለቀቅሁት።

«እኔ ጎበዝ ነኝ። ይህን ሥራ ከእኔ የተሻለ የሚሠራ ናይሮቢ ውስጥ የለም። አዲሱንም ሥራ በደንብ አድርጌ እመራዋለሁ።»

የኤጀንቱ መልስ ዘገየ። ከዚያ በፊት ሲዘገይ አይቼው አላውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ይህ አነጋገር ከሠራተኛዋ የቀድሞ አነጋገር ጋር አይመሳሰልም። ለደኅንነት ሲባል ማንነትዎን ቢያረጋግጡልኝ?»

መታወቂያዬን ካሜራው ላይ አሳየሁ። ወደ ግራ ይዙሩ አለኝ፣ ዞርኩ። ወደ ቀኝ ይዙሩ አለኝ፣ ዞርኩ። የትውልድ ቀኔን ተናገርኩ። «አመሰግናለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲህ እንዲሉ አስገድዶዎታል?» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

«ስማ!» አልኩት። አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። «መድኃኒት የጫነው መኪና ሞያሌ በር ላይ በፀሐይ ቆሞ፣ ማቀዝቀዣ በረዶው ሲቀልጥ፣ የጉምሩኩ ሹም ዘንድ ማን ነው የደረሰው? እናንተ ኤጀንቶችማ ደብዳቤ ጻፋችሁ። ቆንጆ ደብዳቤ ነበር፤ ማንም አልከፈተውም። እኔ ደወልኩ። የእናቱን ጉልበት ጠየቅሁት፣ ተሽሏቸዋል አለኝ። ልጁን መዳሩን ሰምቼ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ከዚያ ነው የመኪናውን ነገር ያነሣሁት፤ መኪናው ሳይመሽ ገባ። እግዚአብሔር ረድቶኝ ስልህ አልሠራሁም ማለቴ አይደለም፤ ሠርቼ ስጨርስ ማመስገኔ ነው። የተሻለ ሰው ይፈለግ ስልህ ደግመህ ጠይቀኝ ማለቴ ነው። ሽማግሌው አጥፍታለች ሲሉህ እንደ ልጄ እወዳታለሁ ማለታቸው ነው። ስለ ባልደረባዬ ምንም አይልም ስልህ ደግሞ…»

እዚህ ላይ ቆምኩ። «ምንም አይልም» ያልኩት ስለ እሱ እንዴት ተብሎ እንደ ተጻፈ ያኔ ነው የታየኝ። ስለ ራሴ የተናገርኩት እንዳለ እንደ ተጻፈው ሁሉ እሱም እንዳለ ተጽፏል። ብተወው ለእኔ ይጠቅመኛል። ማን ያውቅብኛል? እሱ ራሱ አያየውም። ኤጀንቱም «ይቀጥሉ» ብሎ አይገፋፋኝም። ልጄን አሰብኩ። የእሱንም ልጆች አሰብኩ፤ ትልቁ ባለፈው ገና ቢሮ መጥቶ ማተሚያዋ ወረቀት ስትበላ አይቶ በሳቅ የፈረሰው ልጅ ነው።

«…ከእሱ የበለጠ ሠራተኛ አላየሁም ማለቴ ነው» አልኩ። «ጎርፍ መንገዱን በቆረጠ ጊዜ ግመል ተከራይቶ ድንኳን ያስገባ ሰው ነው። ይህንንም ጻፍ።» ሰውን ማሞገስ ሲሆን አማርኛዬ አልተያዘም፤ እስኪደክመኝ ድረስ ዘረዘርኩለት።

«ከነገሩኝ ሁሉ የትኛው ይመዝገብ?» አለኝ መጨረሻ ላይ።

«ሁሉም» ብዬ ወጣሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ አለቃችን ለብቻዬ ጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የታተመ ወረቀት ተቆልሏል፤ ዓይኗ ደክሟል። ፋይሌ ውስጥ ሦስት ሴቶች እንዳገኘች ነገረችኝ፤ አንዷ ምንም አትችልም፣ ሁለተኛዋ የማይነገር ጥፋት አጥፍታለች፣ ሦስተኛዋ እኔ መሆኗ አጠራጣሪ ነው። የባልደረባዬ ፋይል ደግሞ ሁሉን ነገር በምሥራቅ አፍሪካ አንደኛ ይላል። ስለ እኔ ተጠይቆ «ያለ እሷ ይህ ክፍል አንድ ሳምንት አይቆምም» ብሎ ኖሯል። ኤጀንቱ ያንንም እንደ ሌላው ማጋነን ነው ብሎ ግማሹን ቀንሶታል። ከታች «ውሳኔ ለመስጠት በቂ ግልጽነት የለም» የሚል ጽፎ ፈርሟል።

«ስለዚህ እኔ ራሴ ማሰብ ሊኖርብኝ ነው» አለች። ፈተና መሐል ካልኩሌተሩ የጠፋበት ተማሪ ትመስል ነበር። ወረቀቱን ገፋ አደረገችውና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ሁለታችሁም ትችላላችሁ፣ ያን አውቃለሁ። እሱ ስለ አንቺ ያለውን ግን እኔ ግማሹን አልቀንሰውም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ትፈልጊዋለሽ?»

በመስታወቱ ማዶ ባልደረባዬ ተራውን ይጠብቃል፤ ስልኩን የሚያይ መስሎ ተቀምጧል። «እንደ ፈቃድሽ፣ ለሁሉም የሚበጀውን አድርጊ» ማለት እችል ነበር። ምናልባት እንዲያም ብል ለእኔ ትሰጠኝ ይሆናል። ያኔ እጄ ንጹሕ ነው፤ ወጥቼ «እኔ ምን ላድርግ፣ ሰጡኝ» እላለሁ። ልብ ብዬ ካየሁት ትሕትናዬ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራችልኝ ይህንኑ ነው፤ የፈለግሁት ነገር ሁሉ በሌላ ሰው እጅ እየመጣልኝ፣ እኔ ሳልዘረጋ ኖሬያለሁ። ምናልባት ደግሞ እንደ ኤጀንቱ ታምነኛለች።

«አዎ። እፈልገዋለሁ» አልኩ።

ሌላ ነገር እስክጨምር ጠበቀችኝ። አልጨመርኩም።

«እንግዲያው ያንቺ ነው» አለችኝ።

ስወጣ ባልደረባዬ ብድግ አለ። «እ?» አለኝ በዓይኑ። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አውቀዋለሁ፦ የእግዜር ፈቃድ ሆኖ ነው፣ እኔማ አላሰብኩትም ነበር፣ ለአንተ ነበር የሚገባው። ልጄ ፈተናዋን ልትወስድ ነው፤ በዚያ ደስ ብሎኛል። የእሱን ፊት ሳይ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለቱም እኩል ይሰሙኝ ነበር።

«ጠይቃኝ ነበር። እፈልገዋለሁ ብዬ ወሰድኩት» አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ «ሆንጌራ» አለኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ ማለቱ ነው፤ እጁንም ዘረጋልኝ። «ምንም አይደል፣ እኔ ሌላ አላጣም» ብሎ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ። የተናገረው ለይሉኝታ እንደሆነ አወቅሁ፤ እኔም እንዳላመንኩት አወቀ።